በባዘቶ የታፈነ ብልቃጥ

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በአንደኛው ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው የሕሙማን መግቢያ ራቅ ብሎ ከባሕር ዛፎች ሥር በተሠራች አነስተኛ ቤት ደጃፍ፣ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች በረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ነበር። የመጡበት ጉዳይ አንድ ሲሆን ፈጽሞ እንዳልተያዩ ሆነው፣ አንዱ አቀርቅሮ ስልኩን ይመለከታል፣ አንዷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተከናንባለች፣ ሌላው ደግሞ ፊቱን ወደ ግንቡ መልሶ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። በዚያ ደጃፍ ሰው የሚጠራው በስሙ አልነበረም፤ ነርሷ ከካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ዝቅ ባለ ድምፅ ስታነብ ባለቤቱ ብድግ ብሎ ይገባል።

ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ፊት የቆሙት እናት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ጠጉራቸውን በጥቁር ሻሽ የሸፈኑ፣ አረማመዳቸው ቀልጣፋ የሆነ ሴት ናቸው። ወጣቱ ፋርማሲስት «እናቴ፣ እንደ ቀድሞው ማታ ማታ ነው የሚወስዱት?» ሲላቸው «አዎ ልጄ፣ ከራት በኋላ» ብለው መለሱና ሁለት ነጫጭ ብልቃጦች ተቀበሉ። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ 90 ክኒን አለ፤ የሚወሰደው በቀን አንድ ነውና ሁለቱ ለስድስት ወር ይበቃሉ። ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነገር ግን ቆሜ ተመለከትሁ፣ እስከ ዛሬም ከዐይነ ኅሊናዬ አልጠፋም። ወደ ጥግ ፈቀቅ ብለው ከዘምቢላቸው ውስጥ አንድ እፍኝ ባዘቶ አወጡ፤ የአንደኛውን ብልቃጥ ክዳን ከፍተው ባዘቶውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ በክኒኑ ላይ ጎሰጎሱ፤ ክዳኑን መልሰው ገጥመው ብልቃጡን ከጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቀነቁት። ድምፅ ስለ ሰሙ እንደ ገና ከፍተው ጥቂት ጨመሩ፤ አሁንም ነቀነቁ። ኳኳታው ፈጽሞ ጸጥ ባለ ጊዜ ሁለተኛውን እንዲሁ አደረጉ፤ ቀጥሎም በውኃ በራሰ ጨርቅ የብልቃጦቹን ወረቀት አለሳልሰው በጥፍራቸው ፍቀው አነሡት፣ ሁለቱንም በእራፊ ጠቅልለው ከቡናው ከረጢት በታች ሸሸጓቸው።

ቀርቤ ሰላምታ ከሰጠኋቸውና ማንነቴን ከነገርኋቸው በኋላ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። ቤታቸው ምራትና የልጅ ልጆች አሉ፤ ልጆች ደግሞ የሚንኳኳ ነገር ሲያገኙ እንደ ጨዋታ ዕቃ ይነቀንቁታል፤ ስለዚህ ነው። ክኒኑን መውሰድ ከጀመሩ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ልጃቸው አያውቅም፣ እድርተኞቻቸው አያውቁም፣ የነፍስ አባታቸው ብቻ ያውቃሉ። ከሚኖሩባት ከተማ እስከ አዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያችው ከተማ፣ ከቤታቸው በእግር ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ይህንኑ ክኒን ያለ ዋጋ የሚሰጥ ጤና ጣቢያ አለ፤ እርሳቸው ግን በየስድስት ወሩ በዚያ ጤና ጣቢያ በር በአውቶቡስ ያልፋሉ።

ስለ ኤች አይ ቪ በአገራችን ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል፤ እኔም ይህን ለመጻፍ ስነሣ የሰለቸን ነገር መድገም ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዳሩ ግን የእኒያን እናት አውራ ጣት ባዘቶ ሲገፋ ካየሁ በኋላ፣ ጠቢባን ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ያገኙት መድኃኒት በነጻ ከእጃችን ሲገባ፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን እንደ ሌባ ዕቃ እየሸሸገ የሚውጥበት ምክንያት የሕክምናው ጉዳይ ዋና ክፍል መሆኑን ተረዳሁ። በእኔ ፍርድ ዛሬ በኢትዮጵያ ለዚህ ደዌ ከሁሉ የባሰው እንቅፋት የጎረቤት ዐይን ነው።

የዚህ ፍርሃት ሥር የት እንደ ተተከለ በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ያውቃል። በ1976 ዓ.ም. ተወስዶ በተቀመጠ ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት ተገኘ፤ በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ታወቁ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ በየሰፈሩ ሲዞር፣ ሰው ሁሉ በአልጋው ላይ ሆኖ የማን ልጅ እንደ ሞተ ያሰላ ነበር። የሚሞቱት ሽማግሎች አልነበሩም፤ ትናንት የዳሯቸው፣ ሥራ ያስያዟቸው፣ ተስፋ የጣሉባቸው ወጣቶች ነበሩ። የቀብር ወጪ የእድሮችን ሣጥን አራቆተ። ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሳይደርቅ በሌላው ደጅ ይተከላል። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪክ የሚያነበውም ሰው «ባደረበት ሕመም በሕክምናና በጸበል ሲረዳ ቆይቶ» ከሚለው ዐረፍተ ነገር አይወጣም፤ የሕመሙ ስም ምን እንደ ሆነ አይነገርም፣ አይጠየቅም፣ ለቀስተኛው ሁሉ ግን ያውቃል። አልማዝ ባለጭራ በወገቡ ላይ የወጣበት ሰው ገና ሳይመረመር ተፈርዶበት ነበር። ከሥራ የከሳ፣ ሳል የበዛበት፣ የከንፈሩ ጠርዝ የቆሰለ ሁሉ በሹክሹክታ ይቆጠር ነበር።

እኔ ራሴ በቤታችን የሆነውን ልንገር፤ ከዚያ ወዲያ ሌላውን መውቀስ ይገባኛል። የአክስቴ ልጅ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ነበር። በኋላ ታመመና ከሰው ቤት ተከራይቶ የሚኖርበትን ክፍል ልቀቅ ስላሉት አክስቴ ወደ ቤቷ አመጣችው። በልጇ ፍቅር የምትታማ ሴት አይደለችም፤ ሌሊት ላቡን ስትጠርግ፣ ቀን አጥሚቱን በማንኪያ ስታጎርሰው አይቻለሁ። ነገር ግን የሚጠጣባት ኩባያ ለብቻዋ ነበረች፤ በእጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል፣ ሌላው ሰው በስሕተት እንዳይጠጣባት። ከመደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ኩባያዎች አንድ ስንዝር ርቃ ተደፍታ ትቀመጣለች። በበዓል ቀን ሁላችንም ከአንድ መሶብ ዙሪያ ስንቀመጥ እርሱ በትንሽ ትሪ ከአልጋው ላይ ይቀርብለት ነበር፤ ጉርሻ የሰጠው ሰው አላስታውስም። እኔም አላጎረስሁትም። አንድ ቀን ብቻ ያችን ኩባያ አንሥቶ ክሩን በጣቱ እያሻሸ ረጅም ጊዜ ሲመለከታት አየሁት፤ ምንም አልተናገረም። በ1994 ዓ.ም. ሞተ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ቫይረሱ በኩባያ አይተላለፍም። በጉርሻ፣ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም፣ በሳል፣ በወባ ትንኝ፣ በአንድ መጸዳጃ በመጠቀም፣ በአንድ አልጋ በመተኛት አይተላለፍም። መንገዱ የታወቀና ጥቂት ነው፤ ደም፣ የግብረ ሥጋ ፈሳሾች፣ የእናት ጡት ወተት። ይህ በዚያን ጊዜም ታውቆ ነበር፤ በራዲዮ ይነገር ነበር፤ አክስቴም ራዲዮ ነበራት። ነገር ግን ቀድሞ የገባባት አስፈሪው ሥዕል፣ አጥንቱ የቆመ ሰውና የራስ ቅል፣ ከኋላ የመጣውን ትምህርት አላስገባ አለው። ሰውን አስፈራርቶ ከበሽታው ለማዳን በቅን ልቡና የተደከመው ድካም፣ ሰውን ከሕመምተኛው አራቀው። ይህን የምለው የዚያን ዘመን አስተማሪዎች ለመኰነን አይደለም፤ መድኃኒት ያልነበረው ዘመን ከማስፈራራት በቀር ብዙ መሣሪያ አልነበረውም።

አገራችን ይህን መንገድ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ተጉዛበታለች። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ዘነበ ወርቅ በተባለው ሰፈር፣ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማእከል ተቋቋመ። በቀድሞ ዘመን እነዚህን ሕሙማን ሕዝቡ የሚጠራበት ስም ዛሬ በጨዋ ሰው አፍ የማይነገር ስድብ ነው፤ መቀመጫቸውም የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላምና የከተማው ዳርቻ ነበር። መድኃኒቱ ተገኝቶ በስድስት ወይም በዐሥራ ሁለት ወር የሚድን ሕመም ከሆነ በኋላም ስድቡ ከአፍ ለመውጣት ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ዛሬ በዚያው በአለርት ቅጥር ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ብዙ ሰዎች መድኃኒታቸውን ይቀበላሉ። ሕመሙ ተለወጠ፣ ደጁ አንድ ሆነ። ቋንቋችንም በዚሁ መንገድ ሲጓዝ አይቻለሁ፤ ፊት «የኤድስ በሽተኛ» ይባል የነበረው ሰው ዛሬ «ቫይረሱ በደሙ የሚገኝ ወገን» ይባላል። ይህን ለውጥ ያመጡት በ1990 ዓ.ም. ግድም መቅድምንና የተስፋ ጎህን የመሰሉ ማኅበራት አቋቁመው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በአደባባይ ቆመው «እኔ ነኝ» ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው አልፈዋል።

መድኃኒቱ እንዴት እንደ ደረሰ መናገር ያስፈልጋል፤ በልመና ብቻ የመጣ አይደለምና። በ1996 እ.ኤ.አ. ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ሕሙማንን ከሞት አፋፍ እንደሚመልስ በታወቀ ጊዜ፣ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ዋጋ ከ10,000 እስከ 15,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በሀብታሞች አገር የመቃብር ቦታዎች ጸጥ ሲሉ የእኛ እድሮች ጥሩምባ ገና እየበረታ ነበር። በሐምሌ 2000 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ፣ ከቫይረሱ ጋር የተወለደው የ11 ዓመቱ ንኮሲ ጆንሰን ሰፊ ኮት ለብሶ በሺህ በሚቆጠሩ ሊቃውንት ፊት ቆሞ፣ እንደ ማንኛውም ሰው እንዲቀበሉት ለመነ። ያ ሕፃን ትምህርት ቤት አንቀበልህም ብሎት አገር የተከራከረለት ልጅ ነበር፤ በዓመቱ ሞተ። በየካቲት 2001 እ.ኤ.አ. የሕንዱ የመድኃኒት ፋብሪካ የሲፕላ ባለቤት ዶክተር ዩሱፍ ሃሚድ፣ ሦስቱን መድኃኒቶች ለአንድ ሕመምተኛ ለዓመት በ350 ዶላር እሸጣለሁ ብለው አስታወቁ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የደቡብ አፍሪካን መንግሥት በመድኃኒት ሕግ የከሰሱት 39 ኩባንያዎች በሕዝብ ጩኸት ክሳቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲያ ዋጋው ወርዶ ወርዶ፣ ዛሬ በጅምላ ሲገዛ የአንድ ሰው የዓመት ክኒን ከ45 ዶላር በታች ነው። በኢትዮጵያም መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ ፈንድና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በነጻ መሰጠት ጀመረ። እኒያ እናት በባዘቶ ያፈኑት ብልቃጥ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው።

መድኃኒቱ ሲደርስ ግን ሁሉም እጁን አልዘረጋም። ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣሁት በዚያው ሰሞን ነበር። የተራራው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ገና ሳይነጋ ከደብሩ በታች ባለው የጸበል ስፍራ፣ ነጠላቸውን ያገለደሙ፣ ጄሪካን በእጃቸው የያዙ፣ አንዳንዶቹም በዘመድ ትከሻ ተደግፈው የመጡ ሕሙማን ተራ ይዘው ቆመዋል። ካህኑ ውኃውን እያፈሰሱ በመስቀላቸው ይባርካሉ፤ ጩኸትና «አቤቱ ማረን» የሚለው ድምፅ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ይሰማል። ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በዙሪያው ካሉ ነዋሪዎች አነስተኛ ክፍል ተከራይተው ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመታት የተቀመጡ ነበሩ። ዘመድ ያባረራቸው ብዙ ናቸውና ያ ኮረብታ ከጸበልነቱ ሌላ መጠለያቸውም ነበር፤ በዚያ ሁሉም አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ማንም ማንንም አይጠቁምም። ዳሩ ግን ከሕሙማኑ ብዙዎች ክኒን መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ተብለው፣ ወይም ራሳቸው እንዲያ አስበው፣ የጀመሩትን መድኃኒት አቋርጠው ነበር። ያነጋገርሁት አንድ ጎልማሳ ክኒኑን ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆፍሮ እንደ ቀበረው በፍጹም ቅንነት ነገረኝ።

ይህን ሰው በአለማወቅ የሚፈርድበት አንባቢ እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ሆስፒታል የናቀውን፣ ቤተ ሰብ ትሪውን የለየበትን ሰው በእጃቸው የዳሰሱት ካህኑ ብቻ ነበሩ። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበው መፃጉዕ 38 ዓመት በአልጋው ላይ ሲተኛ የጸበሉ መጠመቂያ ከአጠገቡ ነበር፤ ያጣው አንሥቶ ወደ ውኃው የሚያስገባው ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ፓትርያርክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘኢትዮጵያ፣ በዚያው በእንጦጦ ማርያም ተገኝተው ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል፣ ሕሙማን ሁለቱንም በአንድነት እንዲወስዱ ለምእመናን አስተማሩ። ይህ ቃል ብዙ ነፍስ ያተረፈ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሐኪም አፍ ቢወጣ ግማሹን ሰው እንኳ ባላሳመነ ነበር። ያ ጎልማሳ ግን ከዚያ በፊት ኮረብታው ላይ ሞቶ፣ ከዚያው አፈር ገብቷል።

መድኃኒት ማቋረጥ ለምን እንደሚገድል ለመረዳት ቫይረሱ በሥጋችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። እኔ የሚገባኝ በቁም ጸሐፊ ምሳሌ ነው። በደማችን ውስጥ ሲዲ4 የተባሉ፣ ሥጋችንን ከደዌ የሚጠብቁ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ እያንዳንዳቸው በውስጣቸው የሕይወታቸው ሕግ የተጻፈበት ብራና አላቸው ብንል ቫይረሱ ያልተጋበዘ ጸሐፊ ነው። ሾልኮ ይገባል፣ የራሱን ጽሕፈት በብራናው ቋንቋ ይገለብጣል፣ የገለበጠውንም ከብራናው መካከል ይሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ምስኪኑ ሕዋስ የገዛ ሕጉን ያነበበ መስሎት የጠላቱን ቅጂ ሲያባዛ ይሞታል። በጤነኛ ሰው በአንዲት ጠብታ ክፍልፋይ ደም ከ500 በላይ የሚቆጠሩት እነዚህ ዘበኞች ከ200 ሲያንሱ፣ ሳንባ ነቀርሳውና ሌላው ደዌ ሁሉ በር እንደሌለው ቤት ይገባል። ዛሬ በአንድ ክኒን ውስጥ የተጣመሩት ሦስት መድኃኒቶች ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶልቴግራቪር ይባላሉ፤ ሁለቱ የጸሐፊውን ብዕር ይሰብራሉ፣ ሦስተኛው የተገለበጠው ቅጠል ከብራናው እንዳይሰፋ መርፌውን ይቀማል። ነገር ግን አስቀድሞ የተሰፋው ቅጠል አይወጣም፤ በሚያንቀላፉ ሕዋሳት ውስጥ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ሰው ክኒኑን ባቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተገልጦ እንደ ገና መነበብ ይጀምራል። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰደው ስለዚህ ነው፤ በእንግዳ ፊት ማውጣት አፍሮ፣ ሠርግ ሄዶ፣ ዘመድ ቤት ሰንብቶ ክኒኑን የዘለለ ሰው የሚጎዳውም ስለዚህ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውንና በሕዝብ ዘንድ ከሁሉ ያነሰ የተሰማውን ነገር እነግራለሁ። ክኒኑን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ሊታይ እስከማይችል ድረስ ይወርዳል፤ በዚህ ደረጃ የቆየ ሰው ደግሞ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ የማጽናኛ ቃል አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቫይረሱ ባለባቸው 1,763 ጥንዶች ላይ፣ አብዛኞቹም በአፍሪካ አገሮች፣ የተደረገው ጥናት ቀድሞ መታከም መተላለፉን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ ገለጸ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ 888 ጥንዶችን የተከተለው ጥናት፣ በሕክምና ቫይረሱ በምርመራ ሊታይ ካልቻለበት ሰው ወደ ጓደኛው አንድም መተላለፍ አላገኘም። በእናትና በሕፃን መካከልም እንዲሁ ነው፤ ሕክምና በሌለበት ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ያህሉ ከእናታቸው ይያዛሉ፣ በሕክምና ግን ቁጥሩ ከአምስት በታች ሊወርድ ይችላል። በኢትዮጵያ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያው ሕክምና እንድትጀምር ከተወሰነ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ፣ በዚያችው ከባሕር ዛፍ ሥር ባለችው ቤት፣ የዐሥራ ስምንት ወር ልጇን የመጨረሻ የምርመራ ውጤት ሰምታ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክካ እልል ያለች እናት አይቻለሁ፤ በአግዳሚው ላይ የነበሩት ያልተዋወቁ ሰዎች በዚያን ቀን ብቻ ተዋወቁ፣ አብረዋትም እልል አሉ።

እንግዲህ በነጠላ የተከናነበችው ሴት ክኒኗን ከወሰደች ለማንም አታሰጋም፤ የሚያሰጋው ገና ያልተመረመረው ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. በከተሞቻችን የተደረገው ሰፊ ጥናት ይህንኑ አሳየ። ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆናቸው የከተማ ሰዎች ከመቶ ሦስቱ ቫይረሱ በደማቸው ሲገኝ፣ ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ ገደማ መያዙን አያውቅም ነበር፤ መያዛቸውን ካወቁት ግን ከመቶ ዘጠና ሰባቱ መድኃኒቱን ይወስዱ ነበር። በሩን ያለፈ ሰው ይድናል፤ ሰው የሚቀረው ከበሩ ውጭ ነው። ከበሩ ያስቀረውም ቀይ ክር ያለባት ኩባያ እንደ ሆነች አልጠራጠርም።

ይህ ነውር ከአንድ ሰው አልፎ ሕዝብን በጅምላ ሲመታም አይተናል። በጥር 1988 ዓ.ም. የእስራኤል የደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በፈቃዳቸው የለገሱትን ደም፣ ሳይነግራቸው፣ ኤች አይ ቪን በመፍራት ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ በተገለጠ ጊዜ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ጮኹ፤ ከመካከላቸውም የጦር ሠራዊት ደንብ ልብስ የለበሱ ነበሩ። ለአገራቸው ደማቸውን የሰጡ ሰዎች ደማቸው እንደ እድፍ ተቆጠረ። ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱት እኅቶቻችንም እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ምርመራ ያልፋሉ፤ ቫይረሱ ከተገኘባቸው አይገቡም፣ ገብተው ከተገኘባቸው ይባረራሉ። ብዙዎቹ ለዘመድ የሚነግሩት ሌላ ምክንያት ፈልገው ይመለሳሉ፣ መድኃኒት ወዳለበትም አይሄዱም።

ዛሬ በአገራችን ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ወደ 600 ሺህ ይጠጋሉ፤ ከዐዋቂዎች ከመቶ ከአንድ ያንሳሉ። እነዚያን ጥሩምባዎች ያልሰሙ ወጣቶች ግን ሕመሙ ያለፈ ዘመን ታሪክ ይመስላቸዋል፤ ኮንዶም ለመግዛት ያፍራሉ፣ ለመመርመር ይዘገያሉ። ከተጋላጭነት በፊት የሚወሰደው የመከላከያ ክኒን ለጥቂቶች ብቻ ይደርሳል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋው ሌናካፓቪር የተባለው አዲስ መድኃኒት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ ከተሰጣቸው ከሁለት ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። ብልቃጥ የለውም፣ አይንኳኳም፤ ይህ ለአገራችን ሴቶች ምን ማለት እንደ ሆነ ያን የባዘቶ እፍኝ ያየ ሰው ያውቃል። ነገር ግን በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ሕሙማንን ይከታተሉ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞቻችን ሥራቸውን አጡ፤ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የጠፋውን የሚፈልጉት፣ የፈራውን የሚመክሩት እነርሱ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሌላው ኪስ ላይ መደገፋችን መልካም እንዳልነበረ አሁን ግልጽ ነው፤ መንግሥትም፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም፣ እድሮቻችንም ይህን ሸክም በራሳቸው ትከሻ ሊያደርጉት ይገባል። ሙታንን ለመቅበር ብር ማዋጣት የሚያውቅ እድር፣ ሕያዋንን ለማኖር ማዋጣት አይከብደውም።

በዚያን ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እኒያን እናት እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። በመንገድ ላይ የመጨረሻውን የምርመራ ወረቀታቸውን ከደረታቸው አውጥተው ሰጡኝና አነበብሁላቸው፤ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ሊታይ እንዳልቻለ ይላል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁ ነበር፤ ለማን ይነገራል ግን ብለው ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ዘምቢላቸውን አቅፈው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አንገታቸውን ብቅ አድርገው የሰማሁትን ሁሉ ብጽፍ እንደማይከፋቸው፣ የከተማቸውን ስም ግን እንዳልጽፍ ለመኑኝ። አልጻፍሁም።